አርባው የማን ነው?

የሟች የአርባ ቀን መታሰቢያ ማስታወቂያ ጸሎቱ የሚደርስበትን ቤተ ክርስቲያንና ሰዓቱን ይናገራል፤ ከጸሎቱ በኋላ ምሳው የት እንደሚቀርብም አይረሳም፤ አርባው ለምን አርባ እንደሆነ ግን ሁሉም የሚያውቀው ነገር ስለሚመስል አንድ ቃል አይተነፍስም። የተጠየቀ ሁሉ መልሱ ከአፉ ላይ ነው፤ ክርስቶስ በተነሣ በአርባኛው ቀን ስላረገ የምእመኑም ነፍስ በአርባኛው ቀን ወደ ተወሰነላት ስፍራ ትገባለች ይላል። መልሱ ያማረ ነው፤ ቁጥሩም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1 ቁጥር 3 ላይ በግልጽ ተጽፏል። የሚያስቸግረው ስለ ሙታን መታሰቢያ ቀናት ከሚናገሩት ጥንታውያን የሥርዓት መጻሕፍት መካከል ስሙ ቀድሞ የሚነሣው አንዱ፣ ዕርገቱን ከነጭራሹ አለማንሣቱ ነው።

ይህ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ380 አካባቢ በሶርያ እንደተጠናቀረ የሚታመነው፣ የሐዋርያትን ስም የተሸከመውና ለኢትዮጵያው ዲድስቅልያ የቅርብ ዘመድ የሆነው በግሪክኛ የተጻፈ የሥርዓት ስብስብ ሲሆን፣ በስምንተኛው ክፍሉ ሦስተኛው፣ ዘጠነኛውና አርባኛው ቀን እንዲሁም ዓመቱ እንዲታሰቡ ያዝዛል። ለሦስተኛው ቀን ምክንያቱ የክርስቶስ ትንሣኤ ነው፤ አርባኛው ላይ ሲደርስ ግን እስራኤል ሙሴን ያለቀሱት እንደዚህ ነበርና የጥንቱ ልማድ ይጠበቅ ይላል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 34 ቁጥር 8ን የገለጠ ሰው ግን የእስራኤል ልጆች ሙሴን በሞዓብ ሜዳ ያለቀሱት ሠላሳ ቀን መሆኑን ያነብባል። አሮንም ቢሆን የተለቀሰለት ሠላሳ ቀን ነው። የግሪክኛው ቅጂዎችም በዚህ ቦታ አይስማሙም፤ አንዳንዶቹ «ሠላሳኛው» ሌሎቹ «አርባኛው» ስለሚሉ፣ አንድ ጸሐፊ ብራናውን ዘርግቶ በአገሩ የሚደገሰው በአርባ መሆኑን ሲያስታውስ ቁጥሩን አርሞ ምክንያቱን ማረም እንደረሳ መጠርጠር ይቻላል። ጥርጣሬው ትክክል ከሆነ፣ ሙሴ ባልተለቀሰበት አሥር ቀን ምክንያት የብዙ ትውልድ ተዝካር ተወስኗል ማለት ነው።

በሠላሳና በአርባ መካከል የነበረው መከፋፈል በሌላም በኩል ይታያል። ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 395 በሚላኖ ካረፈ በኋላ፣ የከተማዋ ኤጲስ ቆጶስ አምብሮስዮስ የመታሰቢያ ንግግሩን ያደረገው የካቲት 25 ቀን፣ የሞቱ ዕለት ሲጨመር ልክ በአርባኛው ቀን ነበር። በዚሁ ንግግር አንዳንዶች ሦስተኛውንና ሠላሳኛውን፣ ሌሎች ደግሞ ሰባተኛውንና አርባኛውን መጠበቅ እንደለመዱ ጠቅሶ፣ ለአርባው ምስክር አድርጎ የጠራው ሙሴን ሳይሆን በግብፅ ምድር አስከሬኑ በሽቱ የታሸውን ያዕቆብን ነው፤ በዘፍጥረት ምዕራፍ 50 ለዚህ ሥራ የተሰጠው ጊዜ አርባ ቀን ነውና። የሮማ ወገን በሠላሳው ጸና። የሮማው ጳጳስ ቀዳማዊ ጎርጎርዮስ በ6ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ በጻፈው መጽሐፍ፣ ሦስት የወርቅ ሳንቲም ደብቆ ስለተገኘ ዩስጦስ ስለሚባል መነኩሴ ይተርካል፤ መነኩሴው ሲሞት ከነሳንቲሙ በፍግ መጣያ ከተቀበረ በኋላ በተከታታይ ሠላሳ ቀን ቅዳሴ ተቀድሶለት፣ ለወንድሙ ተገልጦ እስከዚያ ቀን በመከራ እንደቆየና አሁን እንደተሻለው ነገረው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሠላሳው ተከታታይ ቅዳሴ በዚህ ጳጳስ ስም መጠራቱ ከዚህ የመጣ ነው፤ ታሪኩም ኋላ መካነ ንስሐ ለሚባለው፣ ማለትም ነፍስ ከኃጢአቷ ርዝራዥ በሥቃይ የምትነጻበት ስፍራ ነው ለተባለው ትምህርት መንገድ ከጠረጉት አንዱ ሆኗል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመውና ምናልባት ከሚገባው በላይ ትኩረት የሚስበው ግን የልድያው ዮሐንስ ሐሳብ ነው። ይህ ሰው በ6ኛው መቶ ዓመት በቁስጥንጥንያ ቤተ መንግሥት ያገለገለ ጸሐፊ ሲሆን፣ ስለ ወራት በጻፈው መጽሐፍ የመታሰቢያ ቀናቱን ከነፍስ ሳይሆን ከሥጋ ጋር ያያይዛቸዋል። በእርሱ ትንታኔ በማሕፀን ያለ ፅንስ በሦስተኛው ቀን ልቡ ይሣላል፣ በዘጠነኛው ሥጋ ይለብሳል፣ በአርባኛው ሙሉ የሰው መልክ ይይዛል፤ የተወለደ ሕፃንም በአርባኛው ቀኑ መሣቅና እናቱን መለየት ይጀምራል። ሞት ይህንኑ ሥራ ወደ ኋላ ይፈታዋል፤ በሦስተኛው ቀን የሟቹ ፊት መለየት ያቅታል፣ በዘጠነኛው ከልብ በቀር ሌላው አካል ይፈርሳል፣ በአርባኛው ልቡም ይከተላል። አስከሬን የሚፈርስበት ፍጥነት በሙቀቱና በአፈሩ እንደሚወሰን የሚያውቅ የዛሬ ሐኪም ፈገግ ቢል አይፈረድበትም፤ በራያ ቆላና በስሜን ደጋ የተቀበሩ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰሌዳ ይፈርሳሉ ብሎ የሚከራከርለት አይገኝምና። ሆኖም የሐሳቡ ቅርጽ ቀላል አይደለም። ሰው የተሠራበትን ቀን ቆጥሮ የሚፈርስበትን ቀን ማግኘት፣ ስሕተት ቢሆን እንኳ፣ ሙሴን ያለ ቁጥሩ ከመጥራት የተሻለ ሥርዓት ያለው ስሕተት ነው።

ቀናቱን ለነፍስ የመለሰው በእስክንድርያው መነኩሴ በመቃርስ ስም የሚነበበው ድርሳን ነው፤ መልአክ ለመቃርስ እንደነገረው ሆኖ የቀረበው ይህ ድርሳን ከእርሱ ዘመን በኋላ የተጻፈ ሳይሆን አይቀርም። ነፍስ ሁለት ቀን ከሥጋዋ አካባቢ ትዞራለች፣ በሦስተኛው ለፈጣሪዋ ትሰግዳለች፣ ስድስት ቀን የጻድቃንን ማደሪያ ታያለች፣ በዘጠነኛው እንደገና ትሰግዳለች፣ ከዚያ ሠላሳ ቀን የኃጥአንን ሥቃይ ተዘዋውራ ትመለከታለች፣ በአርባኛውም ሦስተኛ ሰግዳ እስከ ምጽአት የምትቆይበትን ስፍራ ትቀበላለች። ሒሳቡ ሳይዛነፍ ስለሚገጥም የቤተ መዛግብት ሹም የሠራው ይመስላል፤ ለደስታው ስድስት ቀን፣ ለሥቃዩ ሠላሳ መመደቡ ግን ድርሳኑ አድማጩን ለማስደሰት እንዳልተጻፈ ያስታውቃል።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልማድ በዚህ ሰሌዳ ውስጥ አይገባም። ነፍስ ከፍርድ ቀን በፊት በገነት ወይም በሲኦል እንደምትቆይ፣ መንግሥተ ሰማያትና ገሃነም ግን ከትንሣኤ ሙታን በኋላ እንደሚከፈቱ የሚያስተምረው ትምህርት ከመቃርስ ድርሳን ጋር ባይጣላም፣ ከቦታ ቦታ ልዩነት ቢኖረውም በብዙ ደብር የሚቆጠረው ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት ነው። አምብሮስዮስ በሁለት ወገን የከፈላቸው ቀናት እዚህ ሳይጣሉ ተሰልፈዋል፤ ዘጠነኛው ግን ጠፍቷል፣ በምትኩም ግሪኮቹ የማያውቁት ሰማንያ ቆሟል። የሰማንያው መነሻ በኩፋሌ፣ ማለትም በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና ከቅዱሳት መጻሕፍት በሚቆጠረው መጽሐፍ ውስጥ ሳይገኝ አይቀርም። በዚያ አዳም ወደ ገነት የገባው በተፈጠረ በአርባ ቀኑ፣ ሔዋን ደግሞ በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ወንድ ልጅ በአርባ ቀን፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ክርስትና የሚነሡትም በዚሁ ስሌት ነው። ለመቀበር የተነሣ ሰው የሚያስፈልገው ወደ ገነት መመለስ ከሆነ፣ አዳም በገባበት ቀን ከመጠበቅ የሚሻል ቀጠሮ አይገኝለትም፤ ስለዚህ ከቀረቡት ምክንያቶች ሁሉ ለኢትዮጵያው አርባ የሚስማማው ይህ ነው ቢባል ድፍረት አይሆንም። አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፤ ጥምቀቱ ወንዱን ከሴቷ ሲለይ ተዝካሩ አይለይም፣ ለሟች ወንድም የሔዋን ሰማንያ ይቆጠርለታል።

ከዚህ ሁሉ ጎን ግብፅን የሚጠራ ወገን አለ። በግብፅ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ለሟቹ አርባውን ያስባል፤ የሺዓ ሙስሊሞችም ለነቢዩ መሐመድ የልጅ ልጅ ለሑሴን አርባኛው ቀን በየዓመቱ ወደ ከርበላ ይጎርፋሉ፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከፈርዖኖች የአስከሬን ማድረቂያ ቤት ወጥቶ ለሁሉም ተዳረሰ ይባላል። ነገር ግን የጥንቱ ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ለዚያ ሥራ የሚቆጥረው ሰባ ቀን ነው።

ምክንያቱ ቢያከራክርም ድግሱ አላከራከረም። ሙሴን የጠራው የሶርያ መጽሐፍ ከሁለት አንቀጽ በኋላ ወደ ሙታን መታሰቢያ የተጠሩ ሰዎች በሥርዓት እንዲበሉና እንዳይሰክሩ ያስጠነቅቃል፤ የማይሰክር ሕዝብ እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ አያስፈልገውም። የአውግስጢኖስ እናት ሞኒካም በአፍሪካ እንደለመደችው እንጀራና ወይን ይዛ ወደ ሰማዕታት መቃብር ስትሄድ፣ በሚላኖ በረኛው አምብሮስዮስ ከልክሏል ብሎ መልሷታል። በኢትዮጵያ ጉዳዩ ከዚህም አልፎ፣ ወራሾቹን የማያምን ሰው ተዝካሩን በሕይወት ሳለ ራሱ ደግሶ ያወጣል፤ የቁም ተዝካር የሚባለው ይህ ነው። ነፍሱ ከሥጋው ያልተለየች፣ ልቡም የልድያውን ዮሐንስ አርባኛ ቀን ያልጀመረ በመሆኑ ቀኑን ለመወሰን ሙሴም፣ ያዕቆብም፣ አዳምም አያስፈልጉም፤ የሚታየው ጾም አለመሆኑና ጠላው መድረሱ ነው።