ብርቱካን የማይገዛለት በሽታ

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ አብረን እንቅም ነበር። ከሰዓት በርጫ፣ ማታ ጨብሲ። ነውር ነው ያለን ሰው አልነበረም፤ እንደውም «ተጫዋቾች» እንባል ነበር። አንዱ ጓደኛችን ግን ማቆም አቃተው። እንቅልፍ አጣ፣ ከሥራ ቀረ፣ አረቄውን ጠዋት ይጀምር ጀመር።

አማኑኤል ሆስፒታል ለሱስም ሕክምና እንዳለ ስንነግረው «አበደ እንዲሉኝ?» አለን። ምን እንመልስለት? «አማኑኤል» የሚለውን ስም ስድብ ያደረግነው እኛው ነን። እናቱ ለጎረቤት «ክፍለ ሀገር ሄዷል» አሉ። እሱ ጓዳ ተደብቆ ይጠጣል።

ታይፎይድ ቢይዘው ብርቱካን ገዝተን እንጠይቀው ነበር። ወዳጄ፣ እኛ ሰፈር መቃም አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው መታከም ነው።

ባለፈው እሁድ ብርቱካን ይዘን በሩን አንኳኳን። እናቱ ከፈቱልን። ከጓዳ «ማነው?» አለ፣ ክፍለ ሀገር የሄደው ጓደኛችን።