ከዋግ ተራራ እስከ ልጅ ማዕድ

ከላሊበላ ተነስቶ በብልባላ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው፣ ሰቆጣ ሳይደርስ አንድ ነገር ያስተውላል። በበጋ ከሩቅ አረንጓዴ ነጠብጣብ ከታየው፣ ጠጋ ሲል ከመካከሉ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ብቅ ይላል። ጽዱና ወይራው ተርፎ የቀረው በአብዛኛው እዚያ ነው። ከአጥሩ ውጪ ያለው ተዳፋት ድንጋዩ ፈጦ ይታያል።

በአንዱ ደብር ጥላ ሥር አረፍ ስንል፣ የልጅ ልጃቸውን አጠገባቸው ያስቀመጡ አንድ አባት አገኘን። በከዘራቸው ማዶውን እያመለከቱ «ያ ሁሉ ደን ነበር፤ በልጅነታችን ብቻችንን አናልፍበትም» አሉን። ልጅቷ መጀመሪያ ፊታቸውን አየች፣ ቀጥላ ገመገሙን። ለእሷ የሚታያት ድንጋይ ብቻ ነው።

ሰቆጣ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ኽምጣንጋ የሚናገረው የአገው ሕዝብ መዲና ናት። ድሮ ከአፋር በረሃ የሚመጣው አሞሌ ጨው የሚራገፍባት ትልቅ ገበያ ነበረች። ዘራቸውን ከዛጉዬ ነገሥታት የሚቆጥሩት ዋግ ሹሞች አገሩን ከዚህ ገዝተዋል። ከእነሱ አንዱ ዋግ ሹም ጎበዜ፣ አፄ ቴዎድሮስ በሞቱበት በ1860 ዓ.ም. አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ከአለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የቀድሞ ዋግ ሹሞችን አስከሬን ይዞ ይገኛል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ፣ ላሊበላን ያየ ልጅ እንኳ እዚህ ዝም ብሎ ይቆማል።

በዚያው በ1860 ዓ.ም. ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር የመጣው እንግሊዛዊ የሥነ ምድር ባለሙያ ዊልያም ብላንፎርድ፣ ከሰቆጣ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለውን የሕንጣሎ የኖራ ድንጋይ መርምሮ በቦታው ስም ሰየመው። ስሙ ዛሬም በሥነ ምድር መጻሕፍት ውስጥ አለ። ድንጋዩ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ የባሕር ወለል ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ፣ እሳተ ገሞራ በላዩ ፈሰሰበት። የዋግ ከፍታ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ይህ የላይኛው ድንጋይ ሲበሰብስ ለም አፈር ይሰጣል፤ ግን አንድ ጣት የማይሞላ አፈር ለመፍጠር መቶዎች ዓመታት ይፈጃል።

የዋግ ዝናብ አጭር ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ባንዴ ይወርዳል። ሣርና ዛፍ የሌለው ተዳፋት ውሃውን አይዝም። አፈሩ ተጠርጎ ጸላሪ ወንዝ ይገባል፣ ጸላሪ ለተከዜ ያስረክባል፣ ተከዜም ወደ ታች ይዞት ይወርዳል። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ቆሟልና፣ ደለሉ ሐይቁ ውስጥ ይተኛል። በሐይቁ ዳር ያሉ የዋግ ገበሬዎች ዓሣ አጥማጅ ሆነዋል። ከሽሮ ሌላ ለማያውቅ ሕፃን ዓሣ ትልቅ ነገር ነው፤ ሐይቁ በደለል ሲሞላ ግን እሱም ይሄዳል።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ቃል ሲገባ፣ ውሉ በዚህች ከተማ ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። ሥራው የተጀመረው በተከዜ ተፋሰስ በሚገኙ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ነው። እንደ እኔ ምርጫው ትክክል ነበር። መቀንጨር በእናት ጓዳ ብቻ የሚጀመር ሳይሆን፣ እህል የሚበቅልበት አፈር ከተራራው ሲለቅ የሚጀመር ነውና።

በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ገበሬው እርከን ይሠራል፣ የውሃ ማቆሪያ ጉድጓድ ይቆፍራል። በተራቆተው ገመገም ላይ ከብት እንዳይገባ ሲከለከል፣ በጥቂት ዓመት ሣሩ ይመለሳል፣ ቁጥቋጦው ያቆጠቁጣል፣ ንቡም ይከተላል። ሣሩ ታጭዶ ለከብት ይሸከሙታል።

ችግሩ እጣኑ ላይ ይብሳል። ቡና ስናፈላ የምናጨሰው ነጭ እጣን ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ የዋግ አበርገሌ ቆላ ነው። አሮጌዎቹ ዛፎች ዛሬም ይደማሉ፤ ታዳጊው ዛፍ ግን በብዙ ቦታ የለም። ዘሩ ይበቅላል፣ እሳት ወይም ፍየል ይጨርሰዋል። ፍየሏን መውቀስ ግን ይቀላል። የአበርገሌ ፍየል ለዚያች የሁለት ዓመት ሕፃን ወተቷ ናት። እናትየውን «ፍየልሽን ሽጪ» የሚል ሰው፣ በምትኩ ምን እንደምታጠጣ ቢነግራት ደግ ነበር።

ስንነሳ አባት ከደብሩ አጥር ውጪ ሁለት ፍየሎች ታስረው አሳዩን። ታጭዶ የመጣላቸውን ሣር ይበላሉ። «ድሮ እንለቃቸው ነበር» አሉ። ልጅቷ ሣሩን በእጇ እየሰበሰበች ታቀርብላቸዋለች።