ሩቅ የማይሄድ ሰው ስንቅ

ከካዛንቺስ እስከ ሂልተን ያለው መንገድ ስንቅ የሚያስይዝ አይደለም። ተረጋግቶ ለሚራመድ ሰው እንኳ የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነው። ሆኖም አመሻሹ ላይ መንገደኛውን እዩት፤ ባዶ እጁን የሚሄድ ጥቂት ነው። አንዷ ክዳን ባለው የወረቀት ኩባያ ማኪያቶ ይዛለች። ሌላው ዘይቱ ሶፍቱን ያራሰው ሳምቡሳ ይገምጣል። ተማሪዎቹ እርጥብ ተካፍለው በድንቹ ብዛት ይጣላሉ። ጎልማሳው ደግሞ ማንም ያላየው እየመሰለው ከኮት ኪሱ ቆሎ ይዘግናል። እኔ የምወደው ይህን የመጨረሻውን ሰው ነው። አፉ ይሠራል፣ ፊቱ ግን ስብሰባ ላይ እንዳለ ሰው ኮስተር ብሏል።

እኔም የኪሰኞቹ ወገን ነኝ። ከሥራ ወጥቶ በእግር መሄድ፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር መጠጣት፣ አንድ ነገር መቆርጠም፤ ካለኝ ሁሉ እስካሁን ግብር ያልተጣለበት ይህ ብቻ ይመስለኛል። ታዲያ ይህን ደስታ ማን ጀመረልን? ለምንስ ነው ኪሳችን ውስጥ የምንደብቀው? ብዬ ወደ ኋላ ስከተለው መጀመሪያ የደረስሁት ቤተ መንግሥት ነው፤ ያውም መጋረጃው ጋ።

በድሮው ግብር ንጉሥ ሲበላ መጋረጃ ይጋረዳል። አጤ ምኒልክ በአዳራሻቸው ሺህ ሰው ያበሉ ነበር፤ እርሳቸው ሲጎርሱ ግን ያ ሁሉ ሰው አያያቸውም። መኳንንቱም ሲጠጡ አሽከር ሸማ ዘርግቶ ይከልላቸዋል። ጠጅ አሳላፊው ቀድሞ ጥቂት በመዳፉ አንጠብጥቦ ይቀምሳል። ሸማው ለቡዳ፣ ቅምሻው ለመርዝ መሆኑ ነው። ክፉ ዓይን በሚያላምጥ ሰው ላይ ይበረታል ብሎ ለሚሰጋ ሕዝብ፣ አደባባይ መሀል እየበሉ መሄድ ነውር ብቻ ሳይሆን በገዛ ሕይወት መቀለድ ነው። በቅሎ ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱን ለሕዝብ ሰጥቶ ሳምቡሳ የሚገምጥ ደጃዝማች በዓይነ ኅሊናችሁ ለመሳል ሞክሩ። ለእኔ በቅሎዋ እንኳ እሺ አላለችኝም።

ከክፉ ዓይን የባሰው እንቅፋት ግን ደግነታችን ነው። የሚበላ ሰው ላየው ሁሉ «እንብላ» ማለት አለበት። የተጠራውም ቢርበው ባይርበው «ብሉ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። ሥርዓቱ ለቤት የተሠራ ነው፤ ቢሰፋ ቢሰፋ ለጎረቤት አጥር። እስቲ ቢሮ በሚለቀቅበት በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ካዛንቺስ መሀል አንድ ቦምቦሊኖ ይዛችሁ ቁሙና ለሚያልፈው ሁሉ «እንብላ» በሉ። ቦምቦሊኖው ሳያልቅ እናንተ ታልቃላችሁ።

ለዚህ ነው ጎዳና ላይ ለመበላት የበቃው የመጀመሪያው ምግብ ቆሎ ነው የምለው። ቆሎ እጅ አያበላሽም። አይገመጥምና የጥርስ አሻራ አይታይበትም። አፍ ሳይከፈት ይታኘካል፤ ስለዚህ ቡዳውም የሚያየው ነገር የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይዘገናል። ወዳጅ መንገድ ላይ ሲገጥማችሁ ከረጢቱን ዘርጋ አድርጋችሁ «ዝገን» ትሉታላችሁ። እሱም ለወጉ በሦስት ጣቱ ነካ ያደርጋል። ግብዣው ተደረገ፣ ክብርም ተጠበቀ፣ ከመንገዱ የዘገየ የለም። ገብሱ፣ ሽምብራው፣ ሱፉ እያንዳንዱ የየራሱ ሥራ አለው። ለውዙ ግን ሁልጊዜ ከሚገባው ያንሳል፤ በዚህ ጉዳይ እስካሁን ያልተዋሸሁበት ከተማ አላውቅም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቆሎ ለደስታ አልተቆላም። ስንቅ ነው። በሶው፣ ጭኮው፣ ድርቆሹ፣ ዳቦ ቆሎው ሁሉ የዘማችና የሲራራ ነጋዴ ነው፤ እሳት ሳይነድ፣ ድስት ሳይጣድ የሚበላ። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ሁለቱ ሠራዊቶች ሲፋጠጡ የሁለቱም ስንቅ ተመናምኖ ነበር፤ ከመድፉና ከጎራዴው እኩል የአዛዦቹን እንቅልፍ የነሳ ይኸው የስንቅ ነገር ነው። ያን ጊዜ አንድ ጭብጥ ቆሎ እየቆረጠመ የሚሄድ ሰው ወክ እያደረገ አልነበረም።

በሰላሙም ጊዜ የቆሎ ተማሪ አለላችሁ። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በአንድ እጁ ውሻ እየተከላከለ ደጃፍ ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ከዚያ ቤት ቁራሽ፣ ከዚህ ቤት ቁራሽ አኮፋዳው ውስጥ ይገናኛሉ። የዶሮው ከሽሮው፣ የሽሮው ከጎመኑ። ፌስታል ከመምጣቱ በፊት የአገራችን የመጀመሪያው የቴክ አዌይ ዕቃ አኮፋዳ ነው ብል የሚቆጣኝ መሪጌታ ያለ አይመስለኝም። ልዩነቱ የዛሬው ምግብ በሞተር መምጣቱና ውሻው የግቢ ጥበቃ በሚባል ሰው መተካቱ ነው።

ስንቁ አለ፣ ዕቃው አለ፣ መንገዱም አለ። የቀረው ሳይርበው የሚበላ፣ ሳይላክ የሚሄድ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በአገራችን ዘግይቶ ነው የተገኘው። እቴጌ ጣይቱ የከፈቱት ሆቴል በመጀመሪያው ሰሞን ምን እንደገጠመው ሲተረክ ሰምታችሁ ይሆናል። ከፍሎ መብላት የሚባል ነገር ለመኳንንቱ አልዋጥ ብሎ ምኒልክ ራሳቸው ይዘዋቸው ሄደው በሉ ይባላል፤ ቀጥሎ ሒሳብ የሚባል ነገር እንዳለ ማስረዳት ነበረባቸው። ዛሬ ሒሳቡን እኔ ልክፈል እኔ ልክፈል ብለው የሚታገሉ ሁለት ጎረምሶች ሳይ፣ የእነዚያ መኳንንት እፍረት አሁንም በመሀላችን እንደሚንቀሳቀስ አስባለሁ። ቡናውም ቢሆን ለኦርቶዶክሱ የተፈቀደ መጠጥ የሆነው በምኒልክ ዘመን ነው፤ ከዚያ በፊት የእስላም ነው ተብሎ ይሸሽ ነበር። እንግዲህ ቆጠር ብናደርገው፣ ባህላችን ነው ብለን የምንምልበት ብዙው ነገር ከአያቶቻችን አያቶች ቢጠየቅ ምስክር አያገኝም።

ሳይራብ የሚበላውን፣ ሳይላክ የሚሄደውን ሰው የፈጠረው ደመወዝ ነው ባይ ነኝ። ካዛንቺስም የደመወዝተኛ ልጅ ነው። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በከተማዋ በቆየበት ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራ ኢንቺስ የሚባል መሥሪያ ቤት ነበረው። የእሱን ቤቶች ሕዝቡ አንደበቱ እንደመቸው ጠራቸው፤ ሰፈሩም በዚያው ቀረ። የጣልያን ሹም ማታ ማታ ተጣጥቦ፣ ጫማውን አስወልውሎ፣ ያለ ጉዳይ ወዲያና ወዲህ የመመላለስ ልማድ አለው። ያለ ጉዳይ መሄድ! የእኛ ሰው ይህን ሲያይ መጀመሪያ ዕቃ የጠፋበት ሳይመስለው አልቀረም። ከመኪናው የሚንሿሿው ቡናም፣ ማኪያቶውም፣ ቦምቦሊኖውም ከእነዚሁ ሰዎች ጋር የመጡ ናቸው። የየካቲት 12ን ደም ማኪያቶ አያጥበውም፤ ይህን ብዬ ልለፍ።

ጣልያን ሄደ፣ ደመወዙ ግን ቀረ። በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫውን አዲስ አበባ አድርጎ ተቋቋመ። በ1953 አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ፣ የአፈወርቅ ተክሌን ባለቀለም መስታወት ይዞ ተከፈተ። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው አዳራሽ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ። የታሪክ መጻሕፍት ስለ ቻርተሩ ይጽፋሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ያ ሁሉ ጸሐፊ፣ ሾፌር፣ አስተርጓሚና ታይፒስት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከግቢው ሲወጣ የት ገባ የሚለው ነው። ካዛንቺስ ገባ። ግሮሰሪው፣ ድራፍት ቤቱ፣ ሥጋ ቤቱ፣ የአዝማሪ ቤቱ የበዛው ለዚህ ነው። ጃምቦውን ጨብጦ የሚቆም ሰው ከየት እንደመጣ ማንም አይጠይቀውም። መጋረጃውን የቀደደው ይኸ ይመስለኛል። የሰፈር ሰው መሀል መብላት ያሳፍራል፤ የማያውቁት ሰው መሀል ግን አፍም እጅም ነፃ ነው። ካዛንቺስ ለአዲስ አበቤ የሰጠው ትልቁ ስጦታ የማያውቁት ሰው ነው።

በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ታወጀና ማታ መራመድ ራሱ ወንጀል ሆነ። ጠጪው በር ተቆልፎበት እስኪነጋ መጨፈር ለመደ። የዚያ ትውልድ ሰዎች አሁንም ሰዓታቸውን ሳያዩ አይጠጡም።

ማኪያቶ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዕዳ አለብኝ። የእኛ ማኪያቶ ከጣልያኖቹ ተለይቷል። በትንሽ ብርጭቆ ይቀርባል፤ ወተቱ ከታች፣ ቡናው ከመሀል፣ አረፋው ከላይ፣ እያንዳንዱ ወሰኑን ጠብቆ ይታያል። አዛዡም «ጠቆር ያለ»፣ «ነጣ ያለ» እያለ እንደ ሸማኔ ደንበኛ ይመርጣል። ካፌው ለጾመኛም ዘዴ አላጣም፤ በአኩሪ አተር ወተት የሚሠራ የጾም ማኪያቶ አለ፤ ጣዕሙ የሚያጸድቅ ነው። የእኛን ቋንቋ ወግ ያስለመደን መስፍን ሀብተማርያም የመጽሐፉን ርእስ «የቡና ቤት ሥዕሎች» ያለው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ብርጭቆ ጨብጦ መቀመጥ ዓይን ይገልጣል።

አሁን ግን ያ ብርጭቆ ወደ ወረቀት ኩባያ ተቀየረ። ክዳን አለው፤ ክዳኑ ላይ ለአፍ የምትበቃ ቀዳዳ አለች። ማን ምን እንደሚጠጣ አይታይም። ጠቆር ያለ ይሁን ነጣ ያለ፣ ሻይ ይሁን ቡና፣ ጾሙን ይግደፍ ይጠብቅ የሚያውቀው ጠጪው ብቻ ነው። መኳንንቱ ሸማ የሚዘረጋ አሽከር ያስፈልጋቸው ነበር፤ የዛሬዋ ልጅ መጋረጃዋን ራሷ ተሸክማ ትሄዳለች። ለዚህ ዕድገት ነው እንግዲህ በብርጭቆ ከምንጠጣው በላይ የምንከፍለው።

የጎዳና ጀበና ቡና ይሻለኛል። ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ ደንበኛው ዱካ ላይ ጉልበቱ አገጩን እስኪነካ ተቀምጦ። አቦል ብቻ ነው የሚሸጠው። ቶናና በረካን የሚጠብቅ ጊዜ ያለው ሰው ወደ ቤቱ ይሂድ። አያቴ ብታየው ሦስት ጊዜ የሚፈላውን ሥርዓት በአንድ ሲኒ የቆረጠውን ሰው ትረግም ነበር። እኔ ግን ለዚያች አንድ ሲኒ መንገድ አቋርጬ እሄዳለሁ።

ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ፈረሰ። ነዋሪው ገላን ጉራና ሌላም ሌላም ቦታ ሄደ። መላኩ በላይ ከአዝማሪ ቤትነት አንሥቶ ዓለም ያወቀው የባህል ማዕከል ያደረገው ፈንዲቃም ከቦታው ተነሣ። በምትኩ መንገድ መጣ። እውነቱን ለመናገር መንገዱን እወደዋለሁ። ድሮ በካዛንቺስ መሄድ ማለት እግርን እያዩ መሄድ ነበር፤ ክፍት ቱቦ፣ የተሰበረ ክዳን፣ የክረምት ጭቃ። አሁን ቀና ብዬ ነው የምሄደው። ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ማታ መብራት አለው፣ ብስክሌቱ ለብቻው መንገድ ተሰጥቶታል። ያለ ጉዳይ ለመሄድ እንዲህ የተመቸ ነገር ጣልያኖቹም አልሠሩልንም። ችግሩ መንገዱ የተሠራው ለሚሄድ ሰው ብቻ መሆኑ ነው። ቆሞ የሚሸጥ፣ ቁጭ ብሎ የሚያፈላ፣ ከሰል አያይዞ በቆሎ የሚጠብስ ሰው በዚህ ዕቅድ ውስጥ የለም። መብላት ከፈለግህ ካፌ ግባ፤ ቆሎውም በታሸገ ፕላስቲክ፣ ስምና ዋጋ ተለጥፎበት እዚያው አለ። ግን «ዝገን» ብትሉት ወዳጃችሁ ማሸጊያውን በጥርሱ ለመቅደድ ይገደዳል።

ደግሞ ወዳጅ የት አለ? ድሮ ኪሴ ውስጥ የምደብቀው የሚያውቀኝ ሰው እንዳያይ ነበር። የሚያውቀኝ ሰው አሁን ገላን ጉራ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳምቡሳ በአደባባይ፣ ደረቴን ነፍቼ ልበላ እችላለሁ። እንዳሰብሁት አልጣፈጠኝም።

ቆሎ ሻጮቹ ግን አልጠፉም፤ ዘዴ ለወጡ። ቆሞ መሸጥ ካልተቻለ እየሄዱ መሸጥ ነው። ከኡራኤል ወዲህ አንዲት ወጣት የተማሪ ቦርሳ በደረቷ አንግታ አጠገቤ ደረሰችና፣ ወደ እኔ ሳትዞር፦

«ጋሼ፣ ቆሎ አለ። እንዳይቆሙ፣ እየሄዱ ይግዙኝ» አለችኝ።

ቦርሳዋ ውስጥ ሲኒው አለ፤ ሰፍራ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ፣ እርምጃዋን ሳትቀንስ። እኔም ብሩን እየተራመድሁ ቆጠርሁ።

«ምርቃትስ?» አልኋት።

«ምርቃቱ ባምቢስ ስንደርስ ነው ጋሼ፤ እዚህ ዓይን በዝቷል።»

ባምቢስ መንገዴ አልነበረም። ሄድሁ። ለውዝ ጨመረችልኝ።