ፌሮ በወፍጮ ቤት ሚዛን

ቅዳሜ አርማታ ሊሞላ ሐሙስ ማታ ነው ነገሩን ያየሁት።

ደብረ ብርሃን ላይ ለእናታችን ባለ ሁለት መኝታ ቤት እየሠራን ነው። «እየሠራን» ስል፣ ብሩን ታላቅ እህቴ ከቤሩት ትልካለች፤ እኔ እዚህ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ጋር እሯሯጣለሁ። ስድስት ዓመት የሰው ቤት እያጸዳች ያጠራቀመችው ብር ነው።

ያን ቀን ማታ አምስት ኮለን ታስሮ ቆሟል። በመካከላቸው ሳልፍ አንዱን ፌሮ ያዝ አደረግኩት፤ እጄ ላይ ቀጠነብኝ። ጎኑ ያለውን ያዝኩ። ወፍራም ነው። ፎርማኑን ጠራሁት።

«አንድ ሁለት ባለ 10 ሳይቀላቀል አይቀርም» አለኝ። «ምን ችግር አለው ወንድሜ? አርማታ ይሸፍነዋል።»

እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ «ይሸፍነዋል» የሚለው ነው። የተማርኩት አካውንቲንግ ስለሆነ ስለ ብረት የማውቀው ነገር አልነበረም። ሌሊቱን ስልኬ ላይ ሳነብ አደርኩ። በባለ 12 እና በባለ 10 መካከል ያለው ሁለት ሚሊ ብቻ ይመስላል። ግን ፌሮ ክብ ነው፤ ቢቆረጥ ባለ 12ቱ 113 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ብረት አለው፣ ባለ 10ሩ 79 ገደማ። ሲሶ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ብረት ጎድሏል ማለት ነው። ክብደቱም ይለያል፦ 12 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ቤርጋ፣ ባለ 12 ከሆነ 10 ኪሎ ተኩል አለፍ ይላል፤ ባለ 10 ከሆነ 7 ኪሎ ተኩል አይሞላም።

ዓርብ ጠዋት ካልተቆረጡት ሁለት ቤርጋ መርጬ ሰፈራችን ያለው ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ገብስ ይዘው ወረፋ የሚጠብቁ አንዲት እናት አዩኝና «ልጄ፣ ብረትም ይፈጫል እንዴ?» ብለው ሰዉን ሁሉ አሳቁት። እኔም ሳቅኩ። ሚዛኑን ሳይ ግን ሳቄ ጠፋ። አንዱ 10 ተኩል፣ ሌላው 7 ከምናምን።

ተመልሼ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ካዘዝኩት 60 ቤርጋ 22ቱ ባለ 10 ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ የመጣ ቀን አልቆጠርኩም። መሽቶ ነበር፣ ሹፌሩ ይቸኩላል፣ ፈረምኩ። ግን ዋናው ምክንያት ይሄ አይደለም። ባለ ሱቁ የሟቹ አባቴ የዕድር ጓደኛ ናቸው። ለቅሷችን ላይ ድንኳን የተከሉ ሰው። ልቁጠር ብል ሌባ ያልኳቸው መሰለኝ።

አሁንም ዝም ልል ምንም አልቀረኝም። እህቴ ጋ ደወልኩና ነገርኳት። «ልተወው እንዴ? እሳቸውን ማስቀየም ከበደኝ» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። «ወንድምዓለም፣ እኔ እዚህ ዕቃ አጥቤ በጨረስኩ ቁጥር ማንኪያ ይቆጠርብኛል። ስድስት ዓመት ሙሉ። አንተ በዚያ ብር የተገዛ ፌሮ መቁጠር አፈርክ?»

መልስ አልነበረኝም። ስልኩን ዘግቼ ቀጥታ ሱቅ ሄድኩ።

ጋሼ መጀመሪያ ተቆጡ። «ስንት ዓመት ነው የምታውቀኝ?» አሉ። አልተከራከርኩም። የሚዛኑን ፎቶና «ባለ 12» የሚለውን ደረሰኝ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። መነጽራቸውን አድርገው ቆይተው አዩት። ከዚያ ልጁን ጠሩት። ሁለቱ ፌሮ ጎን ለጎን ነው የሚከመረው፤ የጫኑ ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር። ስህተት ነው። እኔም አምናቸዋለሁ። ግን ስህተት ሆነም ሌብነት ሆነ፣ ኮለኑ ውስጥ የሚገባው ያው ቀጭን ብረት ነው።

22ቱንም ለወጡልኝ፤ ተቆርጦ የታሰረውን ሳይቀር። የመኪናውንም ከፈሉ። የሚክሰሩ ቀብድና የቅዳሜ ሠራተኞች ሒሳብ ግን እኔው ላይ ቀረ። «አንተም እኮ ፈርመህ ተቀብለሃል» አሉኝ። ልክ ናቸው። ፌራዮው እያጉረመረመ አምስቱን ኮለን ፈትቶ እንደገና አሰረ፤ አርማታው ረቡዕ ተሞላ።

ይሉኝታ ደግ ነገር ነው፤ ያለሱ ሰፈር ሰፈር አይሆንም። ግን ዕቃ ሲራገፍ አጠገቤ ማቆም ትቻለሁ። አሁን ሳልቆጥርና ሳልለካ አልፈርምም፤ ከመጨረሻው ክፍያም ትንሽ ዕቃው እስኪታይ ድረስ አቆያለሁ። ሹፌሮች ፊታቸውን ያጠቁሩብኛል። ጋሼ ግን በቀደም ሚስማርና ሽቦ ልገዛ ስሄድ፣ እኔ ሳልጠይቅ ወደ ሚዛኑ ወሰዱኝ። «እይ ልጄ» አሉ። «አይተህ ፈርም።» የፈራሁት ቅያሜ አልመጣም።

እናቴ ይህን ሁሉ አታውቅም። እሑድ ግንባታውን ልታይ መጥታ አንዱን ኮለን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። «ጠንካራ ነው አይደል?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። ቆጥሬዋለሁ።