እቶን የሚጠገንበት ግቢ

ከቃሊቲ ዋና መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለው ግቢ ከውጭ ለሚያየው ተራ ጋራዥ ነው። በሩ ሥር የተከመረው ግን የመኪና ዕቃ አይደለም፤ ክዳናቸው የተነቀለ የብረት ሣጥኖች፣ ስብርባሪ እሳት ቻይ ጡብ፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈ የጠቆረ ሽቦ። እዚህ የሚጠገነው የኤሌክትሪክ እቶን ነው። ሠራተኞቹ እቶኑን «ፈርነስ»፣ የሚያሞቀውን ሽቦ እንደ ምጣዱ ሁሉ «ሬዚስታንስ» ይሉታል። ማርሽ የሚያጠነክር ወርክሾፕ፣ ወርቅ የሚመረምር ላቦራቶሪ፣ ሸክላ የሚተኩስ፣ ጥርስ የሚሠራ፣ ሁሉም ሬዚስታንሱ ሲቃጠልበት ወደዚህ ይመጣል።

ከክምሩ እንጀምር። ፎርማኑ ሁለት የተቃጠሉ ቁራጮች አንሥተው አጠፏቸው። አንዱ ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ ሌላው ታጥፎ ተመልሶ ተቃና። የተቃናው ኒክሮም ነው፤ 80 በመቶው ኒኬል፣ 20 በመቶው ክሮሚየም። አሜሪካዊው አልበርት ማርሽ እ.ኤ.አ. በ1906 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ቅይጥ ነው። ከዚያ በፊት ቀልቶ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ፣ ዋጋውም የሚቀመስ የማሞቂያ ሽቦ አልነበረም። የተሰበረው ደግሞ ብረት፣ 22 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 5 በመቶ ገደማ አሉሚኒየም ያለበት ነው። ስዊድናዊው ሃንስ ፎን ካንትሶው እ.ኤ.አ. በ1931 በሃልስታሃማር ከተማ ካንታል የተባለውን ኩባንያ ያቋቋመው በዚህ ቅይጥ ነው፤ የኩባንያው ስም ዛሬ በብዙ ወርክሾፕ የቅይጡ መጠሪያ ሆኗል።

ሁለቱም የሚቆዩት ሲግሉ ራሳቸውን በሚያለብሱት ስስ ቆዳ ነው። ኒክሮም የክሮሚየም ኦክሳይድ፣ ካንታል የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ይለብሳል። የአሉሚኒየሙ ቆዳ ይበልጥ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ኒክሮም ራሱ ከ1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፍ ሲከብደው፣ ካንታል እንደ ደረጃው እስከ 1300 ወይም 1400 ይሄዳል። ኒኬል ስለሌለበትም ይረክሳል። የሚያስከፍለው ሌላ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ከጋለ በኋላ ሲቀዘቅዝ ተሰባሪ ይሆናል፤ ግሎ ሳለም ይለሰልስና በራሱ ክብደት ይረግባል። የካንታልን ጥቅል ሳያሞቁ ለማቃናት መሞከር መስበር ነው። ኒክሮም ግን በግለትም ቅርጹን ይይዛል፣ ቀዝቅዞም ይታጠፋል።

ገዢዎች ደጋግመው የሚስቱት አንድ ቁጥር አለ። ካታሎግ ላይ ያለው ዲግሪ የሽቦው እንጂ የእቶኑ ሆድ አይደለም፤ ሙቀቱን የሚሰጠው ሽቦ ከሚሞቀው ዕቃ ሁልጊዜ ይበልጣል። «1200» የሚል ዐይቶ ለ1200 ዲግሪ እቶን ኒክሮም የገዛ ሰው ገንዘቡን አቃጥሏል።

ወደ ውስጥ ስንገባ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ አንድ ወጣት ሽቦ በብረት ዘንግ ላይ ይጠቀልላል። እኔ በግቢው ውስጥ ብዙ የቆየሁት እዚህ ነው፤ ምክንያቱም የእቶን ዕድሜ የሚወሰነው በአብዛኛው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። አጠገቡ ያለው እቶን በ220 ቮልት 3.6 ኪሎዋት የሚወስድ ነው፤ ተቃውሞው 13.4 ኦም ገደማ መሆን አለበት። ባለ 1 ሚሊሜትር ካንታል ከተጠቀሙ 7.3 ሜትር ይበቃል። ባለ 2 ሚሊሜትር ከሆነ ግን 29 ሜትር ይፈልጋል። ዋጋው ብዙ እጥፍ ስለሆነ ባለቤቱ ቀጭኑን ይመርጣል፤ እቶኑም በእርግጥ ይሞቃል። ነገር ግን ያ ሁሉ ኃይል የሚወጣው በሽቦው ቆዳ በኩል ነው። የቀጭኑ ቆዳ 228 ካሬ ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር 16 ዋት ገደማ ይሸከማል፤ የወፍራሙ 2 ዋት ብቻ። ስምንት እጥፍ ነው። በሺህ ዲግሪ እቶን ውስጥ 16 ዋት የተጫነበት ሽቦ ከአካባቢው እጅግ ግሎ ቶሎ ይበጠሳል። ቀጭኑን የገዛው ሰው ብዙም ሳይቆይ ለሌላ ሽቦና ለቆመ ሥራ ይከፍላል።

ቅይጥ ሲለወጥም ስሌቱ ይለወጣል። ከካንታል የተሠራን ጥቅል በዚያው ውፍረትና ርዝመት በኒክሮም የተካ ሰው ተቃውሞውን በሩብ ይቀንሳል፤ ኃይሉ በሲሶ ይጨምራል፣ ፊውዙም መውደቅ ይጀምራል።

ወጣቱ ከመጠቅለሉ በፊት ማግኔት ያስጠጋል። ካንታል ሲቀዘቅዝ ማግኔት ይይዛል፤ አዲስ ኒክሮም አይዝም። ተራ የብረት ሽቦም ስለሚይዝ ማግኔት ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ተቃውሞውን በሜትር መለካት ያስፈልጋል። ከወደ ጥግ ሌላው ጠራ፦ «ጋሼ፣ ይሄ ኒክሮም ነው ብለውኝ ነበር፤ ማግኔቱ ግን ያዘው!»

ፎርማኑ መጥተው ስብራቱን አሳዩን፤ አረንጓዴ ይላል። ሽቦው የመጣው ማርሽ በጋዝ ካርቦን ከሚያጠጣ እቶን ነው። በዚያ ጋዝ ውስጥ ኦክስጂን በጣም አነስተኛ ስለሆነ የኒክሮም ቆዳ በደንብ አይሠራም፤ ክሮሚየሙ ከውስጥ ይበላል። የቀረው በኒኬል የከበረ ቅይጥ ማግኔት ይይዛል። ይህን የሚያደርሰው ሙቀት ከ800 እስከ 950 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በካታሎጉ ከተጻፈው ከ1200 እጅግ በታች። እዚህ ላይ ነው የምርጫው ቁም ነገር፦ ዲግሪ ብቻ አይበቃም፣ ሬዚስታንሱ የሚኖርበት አየር መጠየቅ አለበት። ድኝ ያለበት የመቁረጫ ዘይት ሳይታጠብ የገባ ማርሽ እንኳ ኒኬሉን ይጎዳል። ለእንዲህ ያለ እቶን እርሳቸው አስቀድሞ በ1050 ዲግሪ በንጹሕ አየር ለሰዓታት ያጋሉትን ካንታል፣ ወይም ሬዚስታንሱን ከጋዙ የሚለይ ቱቦ ይመርጣሉ። ትክክል ናቸው።

ቀጣዩ ክፍል ሽቦ የለውም። ከወርቅ ላቦራቶሪ የመጣው እቶን ግራጫ የሲሊከን ካርባይድ ዘንጎች አሉት፤ ኤድዋርድ አቺሰን እ.ኤ.አ. በ1893 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ቁስ ነው። ዘንጉ እስከ 1600 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ ግን ያረጃል። በእርጅናው ተቃውሞው እስከ አራት እጥፍ ስለሚያድግ፣ ያንኑ ኃይል ለማግኘት ቮልቴጁን እስከ እጥፍ ማሳደግ የሚችል ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ከአሮጌዎች መካከል አንድ አዲስ ዘንግ መክተትም ሸክሙን ያዛባል። በስብስብ ነው የሚቀየሩት።

ከጥርስ ላቦራቶሪ የመጣችው ትንሽ እቶን የዚርኮኒያ ጥርስ በ1500 ዲግሪ ገደማ ትተኩሳለች። ከጣሪያዋ የተንጠለጠሉት ሹካ መሰል ዘንጎች ሞሊብዲነም ዳይሲሊሳይድ ናቸው። በዚህኛው አዲስና አሮጌ አብረው ይሠራሉ፤ ተቃውሞው በዕድሜ አይለወጥም። ክፉ ጠላቱ ግን ከፍተኛ ሙቀት ሳይሆን መካከለኛው ነው። ከ400 እስከ 600 ዲግሪ ባለው ላይ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ቢጫማ ዱቄት ያራግፋል፤ ዱቄቱ ጥርሱን ያበላሻል። መድኃኒቱ እቶኑን ባዶውን በከፍተኛ ሙቀት ለሰዓታት ማንደድና የሲሊካ ቆዳውን መመለስ ነው።

በመውጫው ያለው የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ደግሞ የአገራችንን ሁኔታ ያስታውሳል። መስመሩ ከ220 ወደ 200 ቮልት ሲወርድ እቶኑ 17 በመቶ ኃይሉን ያጣል፤ መብራት በጠፋ ቁጥርም ሬዚስታንሱ ይቀዘቅዛል፣ ቆዳው ይሰነጣጠቃል። የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ቆዳ ከክሮሚየሙ ይልቅ ይህን ስለሚችል፣ በንጹሕ አየር ለሚሠራና መብራቱ ለሚቆራረጥበት እቶን እኔ በሴራሚክ ቱቦ ላይ በደንብ የተደገፈ ወፍራም ካንታል እመርጣለሁ።

የተቃጠለ ሬዚስታንስ ያላችሁ ሰዎች፣ አሮጌውን ሽቦ ሳታስመረምሩ አትጣሉት። ቁራጩን፣ የቆየበትን ወራት፣ የተሠራበትን ዲግሪና እቶኑ ውስጥ የሚገባውን ዕቃ ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩንም በሜትር ስንት ኦም እንደሆነ ሳትጠይቁት አትክፈሉ።