አያቴ የተቀበሉኝ ገጀራ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ቁጥቋጦ ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ጠዋት ቤታችሁ ይፈላል።

ክረምት ላይ ሸኮ አያቴ ጋ ሄጄ ነበር። አያቴ ጫካው ውስጥ ማንም ሰው ያልተከለው፣ ራሱ የበቀለ ቡና አላቸው። ምንጣሮ ሲጀመር ለእኔም ገጀራ ተሰጠኝ። ጎበዝ ለመባል ብዬ ፊቴ ያገኘሁትን ሁሉ ጨፈጨፍኩት። አያቴ ከኋላዬ መጡና ጎንበስ ብለው አንዲት ቀጭን ችግኝ አነሱ።

"ይቺ ምንድን ናት?" አሉኝ።

"አረም ናት" አልኳቸው።

"ቅጠሏን እይ እስቲ።"

ሳያት ለካ ቡና ናት! ስንቆጥራቸው 11 ነበሩ። አልተቆጡኝም፤ ገጀራውን ብቻ ተቀበሉኝ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። "እነዚህን የዘራቸው ሰው አይደለም፤ ቀዩን ፍሬ የበሉ ወፎችና ጦጣዎች ናቸው" አሉኝ።

ትምህርት ሲከፈት የሳይንስ መምህራችንን ጠየቅኳቸው። ዓለም ሁሉ የሚጠጣው አረቢካ ቡና በተፈጥሮው የሚበቅለው በዋናነት በእኛ በደቡብ ምዕራብ ጫካዎች ነው። ከአገራችን ውጭ ደግሞ በደቡብ ሱዳን ቦማና በኬንያ ማርሳቢት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት ከ124 የዱር ቡና ዝርያዎች 75ቱ የመጥፋት አደጋ አለባቸው፤ የጫካው አረቢካም አንዱ ነው። ምክንያቱ የደን መጨፍጨፍና የአየር ንብረት ለውጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1971 ሲቢዲ የሚባል የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ ፍሬውን ያደርቅ ጀመር። የጅማ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋም ቡና ያገኙት ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ቡናዎች መርጠው ነው። ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። ለሚቀጥለው በሽታ የሚሆነው ቡና እኔ ከቆረጥኳቸው አንዱ ቢሆንስ?

አጎቴ ግን "ጫካውን መንጥረን በቆሎ እንዝራ፤ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም በምን ይገዛል?" ይላል። እሱም እውነት አለው። አያቴ ደግሞ "እኔ እያለሁ አይነካም" ይላሉ። ከእሳቸው በኋላስ? እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ለገና ስሄድ ከ11ዱ 3ቱ ከሥራቸው አቆጥቁጠው አገኘኋቸው። ማንም እንዳይረግጣቸው አጠገባቸው እንጨት ተከልኩ። አያቴ አይተው ሳቁና ገጀራውን መለሱልኝ።

እናንተም ምንጣሮ ስትሄዱ ከመቁረጣችሁ በፊት ቅጠሉን እዩ። ቸር እንሰንብት!

ከ7ኛ "ለ" ክፍል