ቁጥሩ ብቻ የሚለወጥ ዓረፍተ ነገር

የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ስማር አንድ መምህራችን ያመጣንለትን ዜና ሁሉ በአንዲት ጥያቄ ይመልስብን ነበር፤ «ምን አዲስ ነገር አለው?» በማለት። ትናንት የተባለ ነገር ዛሬ ዜና አይደለም። እኔም ይህችን ቃል እንደ ጸሎተ ሃይማኖት ይዤ ወጣሁ። አንዲት ኤርትራዊት ጎረቤቴ እስክታናጋብኝ ድረስ ማለቴ ነው።

ዘመኑ 2007 ዓ.ም. ነው። ጎፋ በተከራየሁበት ግቢ፣ ከእኔ ቀጥሎ ያለችውን ክፍል ይዛ ትኖር ነበር። የጴንጤቆስጤ እምነት ተከታይ ናት። የአገሯ መንግሥት በግንቦት 1994 ዓ.ም. ከኦርቶዶክስ፣ ከካቶሊክ፣ ከሉተራንና ከሱኒ እስልምና በቀር ሌላው የእምነት ተቋም ሁሉ እንዲዘጋ ካዘዘ በኋላ፣ ሰው ቤት ተሰብስበው ሲጸልዩ ከተያዙት አንዷ ነበረች። የታሰረችው አሥመራ አጠገብ ማይ ሰርዋ በሚባለው ስፍራ፣ የመርከብ ዕቃ በሚጫንበት ኮንቴይነር ውስጥ ነው። አንድ ምሽት የፕላስቲክ ወንበሯን ተሸክማ መጣችና፣ «ሓወይ፣ ነገ ፈረንጆች ይጠይቁኛል። እንዳልዘባርቅ አንተ ጻፍልኝ» አለችኝ።

በዚያ ዓመት የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ምክር ቤት ያቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን ሥራ ላይ ነበር። ኤርትራ አላስገባም ስላለችው በስምንት አገሮች እየዞረ 550 ያህል ከአገር የወጡ ኤርትራውያንን በምስጢር አነጋግሯል። ጎረቤቴን የጠየቋት እነሱ ይሁኑ ሌሎች አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

እኔ እንኳ ብዕሬን ያነሣሁት አንጀት የሚበላ ነገር ልጽፍ ነበር። እሷ ግን ከዚያ በፊትም ተጠይቃ ስለነበር ጠባያቸውን ታውቀዋለች። ስንት ነበራችሁ? በሩ በየት በኩል ይከፈታል? በዓይንሽ ያየሽው ነው ወይስ የሰማሽው? «መጀመሪያ ያላመኑኝ መስሎኝ ተቀይሜ ነበር» አለችኝ። የኮንቴይነሩን ርዝመት ስጠይቃት በሜትር አላወቀችውም፤ ተነሥታ ክፍሌን በእርምጃ ለካች፤ ክፍሌ አልበቃት ሲል በሩን ከፍታ በረንዳው ላይ ጨረሰችው። ወርዱ ግን ከአልጋዬ ርዝመት እምብዛም አልራቀም። ቀን ብረቱ እንደ ምጣድ ይግላል፤ አገሩ ደጋ ነውና ሌሊት ብርዱ አጥንት ይገባል። ሽንት ቤታቸው ጥግ ላይ የተቀመጠች አንዲት ባልዲ ነበረች። እምነቴን ትቻለሁ ብላ የፈረመች ትወጣለች ይሏቸው ነበር።

አብራቸው የነበረች አንዲት ሴት ታመመች። አልፈረመችም። አንድ ሌሊት ወታደሮች ተሸክመው አወጧት፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰችም። እኔ «ሞተች» ብዬ ስጽፍ ጎረቤቴ እጄን ያዘችው።

«ሞተች አትበል። ሲያወጧት አየሁ እንጂ ስትሞት አላየሁም። ወጣች በል።»

ሰረዝኩና «ወጣች» አልኩ።

ከዚህ ውስጥ እሷ የፈቀደችውን ያህል ለአንድ ጋዜጣ ጻፍኩ። ስሙ ይቅር። አዘጋጁ አነበበና የመምህሬን ጥያቄ ጠየቀኝ። ስለ ኤርትራ እስረኞች ያልተባለ ምን አለ? መልስ አልነበረኝምና ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ። ለእሷ ግን «ቦታ ጠቧቸው ነው» ብዬ ዋሸኋት። «ይሁን» አለችኝ፤ ያመነችኝ አይመስለኝም።

መልሱን ያገኘሁት ቆይቶ፣ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶችን ዓመታዊ ሪፖርቶች ደርድሬ ሳነብ ነው። መቼም እንደዚያ ያለ ደረቅ ጽሑፍ የለም። ሦስት የይሖዋ ምሥክሮች፣ ሕሊናችን ጠመንጃ አያስይዘንም በማለታቸው ከመስከረም 7 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ እስር ላይ ናቸው፤ ክስ የለም፤ ፍርድ የለም። በሚቀጥለው ዓመትም ያው ነው፤ ከዚያ በኋላም ያው። አሥር ዓመት ሆናቸው፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ። የሚለወጠው ቁጥሩ ብቻ ነው። ሦስቱ የተፈቱት ኅዳር 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ ከ26 ዓመት በኋላ። ዓረፍተ ነገሩ አስፈታቸው ለማለት አልደፍርም፤ ፓትርያርኩን አቡነ እንጦንዮስን አላስፈታቸውምና። እሳቸው መንግሥት በቤተ ክርስቲያን ሥራ አይግባ፣ የታሰሩ ምእመናን ይፈቱ በማለታቸው በ1998 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሡ። ከቤት ሳይወጡ ተጠብቀው ኖረው የካቲት 2 ቀን 2014 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ዐረፉ። የእሳቸውም ዓመታት እስከ መጨረሻው ተቆጥረዋል።

ይህ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን ደርግ በየካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ደግሞ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ከመንገድ ተወሰዱ። ሁለቱም የተገደሉት በዚያው ክረምት ነው። ደርግ ትንፍሽ አላለም፤ ሕዝቡ ግን ያንሾካሹክ ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ለዓመታት «የት አሉ?» እያለ ስማቸውን ያነሣል። ለሞተ ሰው የት አለ ይባላል? ይህ ነገር በፊት የዋህነት ይመስለኝ ነበር፤ የገባኝ ጎረቤቴ እጄን የያዘችበትን ሌሊት ሳስታውስ ነው። ሞቱ ብሎ የጻፈ መዝገቡን ይዘጋዋል። ወስዳችኋቸዋል፣ የት አደረሳችኋቸው ብሎ የጻፈ ግን ዕዳውን ከወሰዳቸው ሰው ትከሻ ላይ አያወርድለትም። አጽማቸው በ1984 ዓ.ም. ሲገኝ፣ ስማቸውና የተያዙበት ዘመን ተጽፎ ይጠብቃቸው ነበር።

ጎረቤቴ ካናዳ ገብታለች። ለፋሲካ ትደውልልኛለች፤ ስለ ኑሮዋ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ልጇ ትምህርት ካወራን በኋላ ሁልጊዜ ያችኑ ትጠይቀኛለች።

«ስለዚያች ልጅ የሰማኸው አለ?»

«የለም እኅቴ።»

«እንግዲያው ያው ነው። ወጣች።» ትንሽ ዝም ትልና፣ «ስንት ዓመት ሆነው?» ትለኛለች።

በጣቴ ቆጥሬ እነግራታለሁ።